ቀዩን አልጋ ልንጭን ሳን ሆዜ

ቅዳሜ ንጋት፣ ኦክላንድ

የጎረቤቴ የጋሽ በርሄ ፒክአፕ ደጃፌ ላይ ቆሟል። ጋሽ በርሄ የአሰብ ሰው ናቸው፤ ገመድና አሮጌ ብርድ ልብስ ይዘው መጥተዋል። የምንሄደው አልጋ ልናመጣ ነው። ሳን ሆዜ የምትማረው የእህቴ ልጅ ሶስና ትናንት ለእናቷ ደውላ «ሬድ ቤድስ ፕሬዘንት አደርጋለሁ፤ ከባድ ነው፣ መኪና ያለው ሰው ላኪልኝ» ብላታለች። እህቴ ቀይ አልጋ የገዛች ልጅ ከወንድ ጋር ልትወጣ ነው ብላ ደመደመች። አልጋውንም ልጅቷንም ይዤ እንድመጣ አዘዘችኝ።

ረፋድ፣ ፍሪሞንት

መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናው ይድሃል። ነዳጅ ስንቀዳ የገዛነው ዶናት ያደረ ነው፤ ዋጋው ግን የዛሬ ነው። ጋሽ በርሄ ልጁ ሀበሻ ይሆን ወይ እያሉ ይጠይቁኛል። እኔ ምን አውቄ!

ሳን ሆዜ

ሶስና ደጅ ላይ ድንጋይ የሞሉ ካርቶኖች ደርድራ ትጠብቀናለች። አልጋውስ አልኳት። ገመዱን አየች፣ ብርድ ልብሱን አየች፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«አጎቴ፣ ኢትስ ኖት ኤ ቤድ። ኢትስ ሮክ።»

ለካ የድንጋይ ንብርብርንም ቤድ ይሉታል። ድንጋይን አልጋ ከሚል ሕዝብ ጋር ሰው እንዴት ይግባባል?

ካርቶኖቹን ጥናቷን የምታቀርብበት አዳራሽ እስክናደርስ ወገቤ ተቆረጠ። አፍሪካና አሜሪካ ገና አንድ መሬት ሳሉ፣ አለች ሶስና ድንጋዮቹን እያሳየች፣ መሬቱ ሳስቶ ሰመጠ፤ ወንዞች ስምጡን በአሸዋና በጭቃ ሞሉት፤ በውስጡ ያለው ብረት ዝጎ አቀላው። ውቅያኖሱ የመጣው ኋላ ነው። ቀዩ ድንጋይ ባሕር ሳይኖር መለያየቱ መጀመሩን ይመሰክራል። ቀይ ባሕርም እንዲሁ ተከፈተ ስትል ጋሽ በርሄ ከፋቸው።

«እኛንና የመንን? ማን ነው የጀመረው?»

ማንም አልጀመረውም፣ ቀስ እያለ ሳሳ አለቻቸው። አላመኗትም።

ስንጨርስ ወደ እኔ ጠጋ አለች። ድንጋዮቹ በተገኙበት በአሜሪካ ምሥራቅ ጠረፍ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለማስተርስ ተቀብሏታል፤ እናቷ አታውቅም። እህቴ ሌላ ልጅ የላትም። አንተ ንገርልኝ ስትለኝ በጭራሽ አልኳት።

አመሻሽ፣ ወደ ኦክላንድ

እህቴ ደወለች፤ አልጋው ተጫነ ወይ ትላለች። ድምፁን ከፍቼ ስልኩን አጠገቤ ለተቀመጠችው ለሶስና አቀበልኳት። ለእናቷ ሁልጊዜ እንግሊዝኛ እየቀላቀለች የምትመልሰው ልጅ በንጹሕ አማርኛ ጀመረች።

«እማ፣ አልጋም የለም፣ ወንድም የለም። ትምህርት አግኝቼ ሩቅ፣ ምሥራቁ ጠረፍ ልሄድ ነው።»

ጋሽ በርሄ ሬዲዮውን ዘጉት።

«እዚያ በረዶ ነው አሉ» አለች እህቴ በመጨረሻ። «ወፍራም ጃኬት አለሽ?»

ጃኬት አላት፤ እኔው ነኝ የገዛሁላት።

«የለኝም፣ እማ» አለች። «አብረን እንገዛለን።»