ጋሽ ቱምቢና ወደ ኋላ የቀረው አጥር

ሰፈራችን ሲቆረቆር ሰማንያ ቤት በአንድ ፕላን ተሠራ። በየደጁም ከአጥር ውጭ አንድ አንድ ቦታ ለዛፍ ተተወ። ቤቶቹ ከመመሳሰላቸው የተነሳ እኔ ራሴ ሁለት ጊዜ የጎረቤቴን በር ከፍቼ ገብቻለሁ።

አጥራችንን ያጠረልን ጋሽ ቱምቢ ነው፤ ስሙ የወጣለት ከእጁ ከማይለየው የግንበኛ ቱምቢ ነው። አንዱ ነዋሪ መኪና ገዛና አጥሩን ትንሽ ወደ መንገዱ አስገፋ። ጎረቤቱ ከማን አንሼ ብሎ አስገፋ። እኔም አንድ ሜትር ተኩል አስገፍቻለሁ፤ አልዋሽም።

"ይሄ እኮ መንገድ ነው" ይለን ነበር ጋሽ ቱምቢ።

"ጋሼ፣ አንተ ዝም ብለህ ገንባ።"

ገነባ። ዛፎቻችንም አጥር ሲደርስባቸው ተቆረጡ። የራሱን ግን ንክች አላደረገም፤ ደጁ ላይ ሟች ሚስቱ በልብስ ማጠቢያ ውሃ ያሳደገችው ዛፍ አለ። ከሥራ ሲመለስ ቱምቢውን ቅርንጫፉ ላይ ሰቅሎ ከሥሩ ይቀመጣል።

ሰፈሩ አደገና ኮሚቴ አቋቋመ። ሊቀመንበሩ ጡረታ የወጣ የቢሮ ኃላፊ ነው፤ ያለ ደብዳቤ ማስነጠስ አይሆንለትም። "አጥርዎ ወደ ኋላ በመቅረቱ የሰፈሩን ገጽታ ስላበላሸ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ዛፉን ቆርጠው ከሌሎቹ ጋር እንዲያስተካክሉ" ብሎ ጻፈለት። ሰባ ዘጠኛችንም ፈረምን።

"የሷ ዛፍ ነው። አልቆርጥም" አለ ጋሽ ቱምቢ።

ሊቀመንበሩ ማዘጋጃ ቤት ከሰሰው። ቀያሹ ፕላኑን ይዞ የመጣ ቀን ሁላችንም ደህና ልብስ ለብሰን ወጣን። ቀያሹ መንገዱን ለካ፤ ፕላኑን አየና እንደገና ለካ። ከዚያ ቀይ ቀለሙን አነሳ፤ የጋሽ ቱምቢን አጥር አልፎ የሊቀመንበሩ ላይ ትልቅ ኤክስ አደረገ። ቀጥሎ የኔ ላይ። ሰባ ዘጠኝ አጥር ቀልቶ ዋለ።

"በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ይፈርሳል" አለን።

በነጋታው ቀትር ላይ ተግተልትለን ጋሽ ቱምቢ ደጅ ሄድን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ በሰፈሩ ሙሉ ጥላ ያለው እዚያ ብቻ ስለሆነ ከዛፉ ሥር ተጠጋግተን ቆምን። ሊቀመንበሩ ላቡን ጠረገ።

"ጋሼ፣ እንግዲህ ምን ይሻላል?"

ጋሽ ቱምቢ ከኪሱ የእኛን ደብዳቤ አወጣና ዘረጋው።

"እንነጋገራለን። መጀመሪያ ግን እዚህ ላይ የፈረማችሁ ከጥላው ውጡልኝ።"

አንድም ሰው ሳይቀር ወጥተን ፀሐይ ላይ ቆምን።