መኪና የማይቆምበት መንገድ

ሴንቴኒያል በምትባል ከተማ ቤት የገዛን ሰሞን ባለቤቴን ክፉኛ አሰልችቻታለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ሥራዬ የሕንጻ ንድፍ ነበር። እዚህ መጥቼ ኤርፖርት ታክሲ መንዳት ከጀመርኩ በኋላም ቤት እያዩ መተቸቱ አልለቀቀኝም። ሠፈራችን ከዚህ እስከ ካንሳስና ነብራስካ ሜዳውን ከሞሉት ሠፈሮች ምንም አይለይም። የቤቱ ፊት ጋራዥ ነው። ሰፊው በር ለመኪና ተሰጥቶ የሰው በር ጎን ላይ፣ ጥላ ውስጥ ተሸጉጧል። «እዚህ አገር ባለቤቱ መኪናው ነው፣ እኛ ደባሎች ነን» እላታለሁ። እሷ ደግሞ «ምናለ ዝም ብለህ ብትኖርበት!» ትለኛለች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ይዣት እዞር ነበር። ከጎረቤታችን ከተማ ከኦሮራ በስተምሥራቅ ሜዳው ላይ የተበተኑት ትንንሽ ከተሞች እያንዳንዳቸው አንድ ዋና ጎዳና አላቸው። የጡብ ሱቆቹ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ቆመዋል። ከፊት ሁለት ፎቅ የሚመስለው ከጎን ሲያዩት አንድ ፎቅ ሆኖ ይገኛል፤ የፊቱን ግድግዳ ብቻ ከፍ አድርገው ነው የሠሩት። ይህን ለማሳየት መኪና አቁሜ ከመኪናው አወርዳታለሁ። አብዛኞቹ ሱቆች ተዘግተው መስኮታቸው ላይ ጣውላ ተመቷል። ቢሆንም ደስ ይሉኛል። በራቸው እግረኛው መንገድ ላይ ስለሚከፈት ከደጃቸው ቆሞ ሰው መጠበቅ ይቻላል።

በእኛ መንገድ ግን ቆሞ የሚጠብቅ የለም። ማታ መኪናው ሁሉ ጋራዥ ይገባል፣ በሩ ይወርዳል፣ መንገዱ ባዶውን ያድራል። አንድ መኪና ውጭ ከታየ እንግዳ መጥቷል ማለት ነው። ሦስት ከታየ የልጅ ልደት ነው።

በሁለተኛው ዓመት አዲስ አበባ ያለችው እናቴ ታመመች። ስልክ በጮኸ ቁጥር ባሰባት ሊሉኝ ነው እል ነበር። እዚያው አገር ቤት ያሉት የባለቤቴ አባትም አርጅተዋል፣ ግን ጤነኛ ስለነበሩ ስለ እሳቸው ያሰበ አልነበረም።

አንድ ቀን የሌሊት ሥራዬን ጨርሼ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ሠፈራችን ታጠፍኩ። ከቤታችን ፊት ስድስት መኪና ተደርድሯል። ሰዎቹ አልወረዱም፣ ውስጥ ተቀምጠዋል። የቄሱን ነጭ ጥምጥም በመስታወት አየሁት።

መርዶ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። እኛ ሞትን በስልክ አንናገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ቄስ ይዘው፣ ሰው ወደ ሥራ ሳይሄድ ማልደው ይመጣሉ። ድሮ ኦሪጅናል ኦሮራ በሚሉት አሮጌ ሠፈር አፓርታማ ተከራይተን ሳለን ቢሆን ኖሮ ጥጉ ላይ ካለው ሱቅ ወይም ከጎረቤት ቤት ገብተው ይሰባሰቡ ነበር፤ እኛም አናያቸውም ነበር። እዚህ ግን የሚገቡበት ሱቅ የለም፣ ጎረቤቱን አያውቁት። ያለ ልማዱ መንገዱ ላይ ቆሙ።

እናቴ ሞተች አልኩ። መቆም ሲገባኝ ቤቴን እንደማላውቀው አልፌው ሄድኩ። ስልኬን አጠፋሁ። ካልነገሩኝ የማትሞት መስሎኝ ነው መሰል። ሜዳውን አቋርጬ ከእነዚያ ትንንሽ ከተሞች በአንዷ ዋና ጎዳና ላይ አቆምኩና ቁጭ አልኩ። የተዘጋ ፋርማሲ ፊት ለፊት ነበርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሕንጻ አስጠልቶኝ አያውቅም። ጡቡን እየቆጠርኩ አለቀስኩ። ስትሞት አጠገቧ አልነበርኩም፣ ልቀብራትም አልደርስም፣ ይኸው መርዶዋን እንኳ ቆሜ አልሰማሁላትም እያልኩ ራሴን ረገምኩ።

ስመለስ እኩለ ቀን ተቃርቧል። መኪኖቹ እንዳሉ ናቸው። ጋራዡ ፊት ወረድኩ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ እየተቻኮሉ መጡ።

«ልጄ፣ ስልክህን ኦፍ አድርገህ የት ጠፋህ? ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ፓርክ አድርገን ስንጠብቅህ!»

«ይንገሩኝ አባቴ፣ ግድ የለም፣ ዐውቄዋለሁ።»

ትከሻዬን ያዙኝ። «የባለቤትህ አባት ናቸው። ትናንት አርፈዋል። አንተ ቀድመህ ሰምተህ አብረሃት እንድትሆን ብለን ነው።»

እናቴ አልሞተችም። በዚያች ቅጽበት ሌላ ምንም አልሰማሁም። በሁለት እጄ ጭንቅላቴን ያዝኩ፣ ሰማይ ሰማይ አየሁ፣ ከሆዴ ትልቅ ትንፋሽ ወጣ። «ተመስገን» ሳልል አልቀርም። ፈገግ ብዬም እንደሆነ እፈራለሁ።

ዓይኔን ከሰማይ ስመልስ ባለቤቴ ከጋራዡ በላይ ባለው የመኝታ ቤታችን መስኮት ቆማለች።

ከነጋ ጀምሮ እዚያው እንደቆመች በኋላ ነው የሰማሁት። መኪኖቹን አይታ ወይ የእኔ እናት ወይ የእሷ አባት መሆኑ ገብቷታል። ወርዳ ለመጠየቅ አልደፈረችም። እኔን ደጋግማ ደውላለች። ያን ሁሉ ሰዓት እኔ እስክመጣ ጠበቀች፣ መጣሁ፣ ሲነግሩኝ አየች። ፊቴን አይታ የማን ወገን እንደሞተ አወቀች።

መጋረጃው ወረደ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከፊቴ ገቡ። ለእሷ የሚናገሩትን መንገድ ላይ ሲመክሩበት ነው ያረፈዱት። ቄሱ ግን ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ፣ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አባቷን እየጠራች ስታለቅስ ደረሱባት።

ግራ ገብቷቸው ወደ እኔ ዞሩ። «ማን ነገራት?»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው።