የሐጂ ግድግዳ ጨው

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ፣ ኮልፌ ሐጂ ሙዘይን ግቢ ተከራይቼ ልብስ በምሰፋበት ጊዜ ነው። ዛሬም የረገፈ ግድግዳ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ቤቱ ሐጂ ከአባታቸው የወረሱት፣ በድንጋይና በጭቃ ተሠርቶ ኖራ የተቀባ አሮጌ ቤት ነበር። የጓሮው ግድግዳ ግን ከታች እስከ ወገብ እየረገፈ አስቸገረ። የሰፈራችን መራጊ ጋሽ ደምሴ ሁለት ጊዜ መረጉት፤ ሁለቴም ተላጠ። ሐጂ ተናደው፣ "ደምሴ ሥራ አይችልም" እያሉ መስጊድ ደጅ ድረስ አወሩባቸው። ሥራ የሚሰጣቸው ሰው ጠፋ።

በዚህ መሃል፣ አሮጌ ቤት ለምን እንደሚፈርስ የሚያጠና ውጭ አገር የተማረ ዶክተር መጣ። "ሰፈሩ በሽተኛ ሞልቶት ሰውዬው ግድግዳ ያክማል" ብለን ሳቅንበት።

ዶክተሩ ግድግዳው ላይ የወጣውን ነጭ ዱቄት በቢላዋ ፋቀና በወረቀት ጠቀለለ። ጣቱ ላይ የቀረውን ግን ላስ አደረገው!

"ጨው ነው" አለ እያጣጣመ። "ምርጊቱን ከውስጥ እየገፋ የሚጥለው እሱ ነው። እዚህ ጋ ከብት ታስሮ ያውቃል?"

"ኧረ በጭራሽ!" አሉ ሐጂ።

"የሽንት ጨው ይመስላል እኮ።"

ሐጂ ወደ ጋሽ ደምሴ ዞሩ። "አፈሩን ከበረት ዝቀህ ነዋ ያመጣኸው!"

"በልጆቼ እምላለሁ ሐጂ፣ ከወንዝ ዳር ነው የቆፈርኩት" አሉ ጋሽ ደምሴ።

እኔ መቀሴን አስቀመጥኩ። መጸዳጃው ግቢው ጥግ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ከክፍሌ በር ሦስት እርምጃ። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከጠላ ቤት በመጣሁ ቁጥር...

"ሐጂ፣ ከብቱ እኔ ነኝ" አልኩ።

ዶክተሩ ጣቱን አየና ወደ ውሃው በርሜል ሮጠ።

"አስተግፊሩላህ!" ብለው ሐጂ ከዘራቸውን አነሱ። ጋሽ ደምሴ ግን ሳቅ አመለጣቸው፤ ሐጂም ከዘራቸውን እንዳነሱ በሳቅ ፈረሱ።

ከቤት አላባረሩኝም። ዶክተሩ ባዘዘው መሠረት፣ በጋሽ ደምሴ አለቅነት ግድግዳው ላይ ንጹህ እርጥብ ጭቃ እለጥፋለሁ፤ ጨውን ስቦ ሲደርቅ እፍቃለሁ፤ እንደገና እለጥፋለሁ። ስንት ሳምንት ለፋሁ! ሐጂም መስጊድ ደጅ ቆመው "ደምሴን በድዬዋለሁ" አሉ። ጥፋቱ የማን እንደሆነም አልደበቁም፤ ሰፈሩ "ከብቱ ልብስ ሰፊ" ይለኝ ጀመር።

በስሙ አልተቀየምኩም። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዶክተሩ ከመምጣቱ በፊትም ጠርጥሬ ነበር። ጋሽ ደምሴ ሥራ አጥተው ደጃቸው ላይ ሲቀመጡ እያየሁ፣ ሰላም ብያቸው አልፍ ነበር። እሳቸው ካረፉ ቆዩ፤ ይህን ግን አልነገርኳቸውም።