ጣልቃ ገቧ ኬሚስት

የላቦራቶሪያችንን ኬሚስት ሁላችንም «ጣልቃ» ነው የምንላት። ሳይጠሯት አቤት፣ ሳይልኳት ወዴት የምትል ሴት ናት፤ ሁለት ሰው ሲያወራ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንላትም። ደግነቱ ሥራዋም ያው ጣልቃ መግባት ነው።

እኔ ሴል አሳዳጊ ነኝ። እሷ የፈጠረችውን ሞለኪዩል ለሴሎቼ የማቀምሰው እኔ ነኝ። ሥራዋ በቅጡ የገባኝ ግን ቤቷ ምሳ የጋበዘችኝ ቀን ነው። ሁለቱን ሴቶች ልጆቿን እጅ ለእጅ አያያዘችና፣ «ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል ሁለት ፕሮቲኖች እንዲህ መያያዝ አለባቸው» አለችኝ። ከዚያ መዳፏን መሃላቸው ሰካ አድርጋ አላቀቀቻቸው። «ካልተያያዙ ሴሉ አይከፈልም። ዕጢ ደግሞ የሚያድገው ሴሉ እየተከፈለ ነው።»

«እማዬ፣ አንቺ ሁሌ ታጣይናለሽ» አለች ትንሿ።

እንደ መዳፏ ፕሮቲኖቹ መሃል ገብቶ የሚያላቅቅ ሞለኪዩል ለማበጀት ዓመታት ለፍታለች። አንዱ ፕሮቲኖቹ የሚገጥሙበት ስንጥቅ ውስጥ አልገባ ይላል፣ ሌላው ገብቶ ይወጣል። አለቃችን ትዕግሥታቸው አልቆ፣ የአሁኑም እምቢ ካለ ሥራው እንደሚዘጋ ቁርጡን ነገሯት።

አዲሱን ሞለኪዩል ስንሰጣቸው ሴሎቼ ቀጥ አሉ። የሚከፈል አንድም ጠፋ። አለቃችን እንኳ አጨበጨቡ። ያን ጊዜ ጣልቃ ሆዬ ደስታችን ላይ ውሃ ቸለሰችበት።

«ቆይ፣ ማሟሟቻውን ብቻ የጠጡት ሴሎች የታሉ?»

ሞለኪዩሉ በውሃ አልሟሟ ስላላት ጠንካራ ማሟሟቻ አብዝታበት ነበር። ለማነጻጸሪያ የለየናቸው ሴሎች ደግሞ ምንም አልቀመሱም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በማግስቱ ማሟሟቻውን ብቻ ለሌሎች ሴሎች ሰጠሁ። እነሱም ቀጥ አሉ! ሴሎቹን ያስቆማቸው ሞለኪዩሉ ይሁን ማሟሟቻው እንግዲህ ማን ይወቅ።

አለቃችን «እንግዲህ ይብቃን» ብለው ሳይጨርሱ ጣልቃ ገባች።

«አንድ ዕድል ይስጡኝ። ውሃ የሚወድ ጭራ እቀጥልለታለሁ፤ ያኔ ጠብታ ማሟሟቻ ይበቃዋል።»

«ጭራው ስንጥቁ ውስጥ እንዳይገባ ቢከለክለውስ?»

«ከጀርባው ነው የምቀጥለው፣ ወደ ውጭ።»

«አንዴ ብቻ» አሉ፣ ፊታቸውን እንዳጨፈገጉ።

ጭራ ያበቀለው ሞለኪዩል ሲደርስ እሱንና ባዶ ማሟሟቻውን ጎን ለጎን ሞከርን። ጠብታ ማሟሟቻ ብቻ የቀመሱት ሴሎች ሲከፈሉ፣ ሲባዙ ዋሉ። ሞለኪዩሉን የጠጡት ግን ክሮሞሶሞቻቸውን መሃል ላይ ደርድረው፣ ለመለያየት እንደተሰናዱ እዚያው ቆመዋል። ማይክሮስኮፑን ለቀቅኩላት። አየች፣ አየች፣ እንባዋ መመልከቻውን አራሰው። እኔም ዓይኔ ሞላ፤ ደስ ብሎኝ ነው፣ ምን ያሳፍራል። መስታወቱን ጠርጌ ለአለቃችን ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ አጎንብሰው አዩና «ቀጥዪ» አሏት።

ስንወጣ ነገር ፈለግኳት።

«ያን ቀን ዝም ብትዪ እኮ ማናችንም አናውቅም ነበር።»

«እኛማ አናውቅም» አለች ካፖርቷን እየቆለፈች። «መድኃኒት ነው ብሎ የሚውጠው ሰው ግን ያውቀው ነበር። አያድነውማ።»