ግራ መንጋጋዬ

ሊይዙኝ የመጡት ለጠላ ብቅል እያሰጣሁ ሳለ ነው። አራት ባንዶችና አንድ ጣሊያን ነበሩ። ባሌ ዱር ከገባ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ስለዚህ ለምን እንደመጡ አልጠየቅኳቸውም። ከባንዶቹ አንዱ፣ "ነጠላሽን ያዢ፤ ማርቆስ ይበርዳል" አለኝ። አነጋገሩ የሰፈራችን ሰው ያስመስለው ነበር። ልጄን ለእህቴ ሰጠኋትና ከደብረ ኤልያስ እስከ ደብረ ማርቆስ በእግሬ ነዱኝ።

ያሰሩኝ ድሮ እህል ይቀመጥበት በነበረ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። መስኮት የለውም። ወለሉ ላይ የቀረው ገለባ ዝናብ ገብቶበት ይሸታል። ስገባ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ጥግ ይዘው ተቀምጠዋል። ለአርበኞች መልእክት አድርሰዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ከአጠገባቸው ቦታ አሳዩኝና፣ "እዚህ ሁኚ፤ እዚያ ማዶ ጣራው ያፈሳል" አሉኝ። እኔም ከዚያን ቀን ጀምሮ እማሆይ አልኳቸው።

በሽታዬ የቆየ ነው። ከጦርነቱ በፊት ግራ መንጋጋዬ ላይ ባቄላ የምታህል እብጠት ወጣችብኝ። ጥርሴ ነው ብዬ ዝም አልኩ። እንቁላል ስታክል ባሌ በበቅሎ አስቀምጦ፣ አባይን አሻግሮ አዲስ አበባ ወሰደኝ። አንድ የውጭ አገር ሐኪም ነቀርሳ ነው ብሎ ቆርጦ አወጣልኝ። ሦስት ጥርስና ትንሽ አጥንት አብሮ ሄደ። ስንሰናበተው፣ "ሊመለስ ይችላል" አለን። ባሌ በቅሎዋን እየሳበ ቤት አደረሰኝ።

የተመለሰው እስር ቤት ውስጥ ነው። በሐምሌ፣ አንድ ጠዋት ፊቴን ስታጠብ ጣቴ ነካው። ከድሮው ጠባሳ ሥር ነበር፣ እንደ ጠጠር ደርቆ። ለማንም አልነገርኩም። እማሆይ ግን ቆሎውን በቀኝ በኩል ብቻ ሳኝክ አስተዋሉኝ። "አሳዪኝ" ብለው ዳሰሱት። ከዚያ ወዲህ ዳቦዬን በውሃ እያራሱ ይሰጡኝ ጀመር።

መስከረም ላይ ተስቦ ገባና የጣሊያን ሐኪም እስረኞቹን ሊያይ መጣ። ረጅም፣ ሽበታም ሰው ነው። የሌሎቹን ምላስ እያየ አለፈና እኔ ዘንድ ሲደርስ ቆመ። አፌን አስከፍቶ ውስጡን በጣቱ ዳሰሰ። ከዚያም ደጅ ወጥቶ እጁን እየታጠበ ከእስር ቤቱ ሹም ጋር ብዙ ተነጋገረ።

በማግስቱ ሹሙ አስጠራኝ። አስተርጓሚው ኮት የለበሰ ወጣት ያገራችን ሰው ነው።

"ካልተቆረጠ ትሞቻለሽ ይላል ሐኪሙ" አለኝ። "ሊቆርጥልሽ ይችላል። አንቺ ደግሞ ለባልሽ ደብዳቤ ትልኪያለሽ። መሣሪያህን አስረክብና ግባ፣ መንግሥት ምሮሃል ብለሽ።"

ደብዳቤው ተጽፎ አልቋል። የቀረው የእኔ የጣት አሻራ ብቻ ነው።

"ከገባ በኋላስ?" አልኩት።

ይህን ለሹሙ አልተረጎመለትም። ወረቀት ወረቀቱን ያይ ጀመር። ከሰፈራችን ምሕረት ተብለው የገቡ ሁለት ሰዎች የት እንደደረሱ እስከዚያን ቀን የሚያውቅ አልነበረም። እጄን ነጠላዬ ውስጥ ከተትኩት።

ለእማሆይ ስነግራቸው ጎበዝ ይሉኛል ብዬ ነበር። ተቆጡኝ።

"ልጅ አለሽ አይደል? ባልሽ ወንድ ነው፣ ለራሱ ያውቃል። ደብዳቤ ስለደረሰው ብቻ ይገባል ያለሽ ማነው? አሻራሽን አድርጊና ዳኚ።"

"ይገባል፣ እማሆይ። በእኔ በሽታ ከመጡበት ይገባል። አውቀዋለሁ።"

"ታዲያ ልትሞቺ ነው?"

እማሆይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

ቀጥሎ የሆነውን ባላስታውሰው ደስ ይለኝ ነበር። እብጠቱ ወደ ጉሮሮዬ ወረደ። የምጠጣው ውሃ በአፍንጫዬ ይመለስ ጀመር። እማሆይ የነጠላቸውን ጫፍ እያራሱ ከንፈሬ ላይ ያንጠባጥቡልኛል። የቁስሉ ሽታ ለራሴም ከብዶኝ ርቄ ልተኛ ስል፣ በልብሴ ጎትተው ወደ አጠገባቸው ይመልሱኛል።

ኅዳር ላይ ሐኪሙ ራሱ ሁለት ወታደሮች አስከትሎ መጣና በቃሬዛ አስወሰደኝ። ሹሙን ለምኖ ይሁን ተጣልቶ፣ አላውቅም። አፍንጫዬ ላይ ጨርቅ አደረጉ፤ ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም።

ስነቃ ግራ መንጋጋዬ ከነአጥንቱ የለም። ሦስት ሳምንት በጎማ ቱቦ ወተት አጠጡኝ። ምራቄን መያዝ አቃተኝ። ልናገር ስሞክር ምላሴ መደገፊያ እያጣ ቃሉ ይበላሽብኛል። መስታወት ስለማይሰጡኝ አንድ ቀን ፊቴን በመድኃኒት ሳህን ጀርባ አየሁት። ጉንጬ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ አፌ ወደ ጎን ተስቧል። ሳህኑን ቀስ ብዬ ቦታው መለስኩት።

ወደ ክፍላችን ስመለስ እማሆይ ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ። የግራው አልተሰማኝም። ከዚያ በየጠዋቱ "አቡነ ዘበሰማያት" እያስደገሙ መናገር አስተማሩኝ። ካልሰሙኝ ድገሚ ይሉኛል፤ ሰምተውኝም ድገሚ ይሉኛል። ከእርሳቸው በቀር ንግግሬ የሚገባው ሰው አልነበረም።

ከገና በኋላ እንደገና ተጠራሁ። የባሌ አባት መጥተዋል፤ ያስመጣቸው ሹሙ ነው። አስተርጓሚው በር ላይ አቆመኝና፣ "መንግሥት እንዳሳከመሽ አይተው ለልጃቸው እንዲነግሩት ነው። ፊትሽን ሸፍኚ፣ ሽማግሌው እንዳይደነግጡ" አለኝ።

ይህን እንኳ ባይነግረኝም እሸፋፈን ነበር። በእኛ ወግ ምራት በአማቷ ፊት ተከናንባ ነው የምትቀርበው። በሰባት ዓመት ትዳሬ ፊቴን ቀና ብለው አይተውት አያውቁም፤ እኔም በፊታቸው እህል ቀምሼ አላውቅም።

አማቴ በርጩማ ላይ ተቀምጠው በትራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ሹሙ ከጠረጴዛው ኋላ ነው።

"እንዴት ነሽ ልጄ? ዳንሽ አሉኝ" አሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

ነጠላዬን ከራሴ ላይ አውርጄ ትከሻዬ ላይ ተውኩት።

"ይዩኝ፣ አባቴ።"

ቀና አሉ። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩኝ። ምራቄ በአገጬ ይወርድ ነበር፤ አልጠረግኩትም። ጠዋት ጠዋት እንደተማርኩት ምላሴን ሰብስቤ፣ "እንዳይገባ ይንገሩት" አልኩ።

ሹሙ አስተርጓሚውን አየው። አስተርጓሚው ወደ አማቴ ዞረና፣ "ምን አለች?" ብሎ ጠየቃቸው።

"ሰላም በሉልኝ ነው የምትለው" አሉ።

ተረጎመለት። ሹሙ ደስ ብሎት ራሱን ነቀነቀ። አማቴ ተነሡ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞረው እጅ ነሡኝ። አማት ለምራቱ እጅ ሲነሣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ባሌ አልገባም። ጣሊያን ሊወጣ ጥቂት ወራት ሲቀሩት ሉማሜ አጠገብ በጥይት ተመትቶ ሞተ። እማሆይም መፈታትን አላዩም፤ በዓቢይ ጾም ተስቦ ወሰዳቸው። እኔ ወጣሁ።

አማቴ ከነጻነት በኋላ ስድስት ዓመት ኖሩ። እኔንና ልጄን ቤታቸው አስገብተው፣ ከአንድ ትሪ አብረን እንበላ ነበር። እኔ አላምጬ እስክውጥ እየጠበቁ በዝግታ ይጎርሳሉ። ሊያርፉ ሰሞን፣ ለዓመታት ሆዴ ውስጥ የያዝኩትን ጠየቅኳቸው።

"ያን ቀን እንዳይገባ ይንገሩት ስልዎ፣ ደህና አድርገው ሰምተውኝ ነበር?"

ወደ እኔ ዞሩ።

"አልሰማሁሽም" አሉ። "አንድም ቃል አልገባኝም። ግባ ልለው ቆርጬ ነበር የመጣሁት። ፊትሽን ካየሁ በኋላ ግን አፌ እምቢ አለኝ። ሄጄ ያየሁትን ነገርኩት፤ ሌላ ምንም አላልኩትም።"

አሁን እኔም አርጅቻለሁ። ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማደርገው የቀረውን መንጋጋዬን በጣቴ መዳሰስ ነው። ሁለት ጊዜ የመጣ በሽታ ሦስተኛ አይመጣም ያለኝ ሐኪም የለም። እስከ ዛሬ አልመጣም። ባሌን ዱር ያስቀረው፣ በኋላም ያስገደለው የእኔ ቃል ነው እያልኩ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ቃሌ ሳይሆን ፊቴ እንደነበረ አሁን አውቃለሁ። ሸክሙ ቀለለኝ ብል ግን እዋሻለሁ።