አግዳሚ ያለው ሱቅ

የበደለችኝ የሻምበሉ ሚስት ናት። ጊዜውም የሃምሳዎቹ ዓመታት መጨረሻ፣ ባሌ ወደ ሞያሌ ጠረፍ የወረደ ጊዜ፣ የመጋቢት ዝናብ ሊጥል ሳምንት ሲቀረው ነው። ስሟን አልጽፍም። ልጆች አሏት፤ ልጆቿ ምንም አላደረጉኝም። እሷ ግን ይህን ብታነበው ራሷን ታውቃለች። በዚያን ዘመን ነገሌ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ያለው ሱቅ አንድ ብቻ ነበር።

ባሌ ሃምሳ አለቃ ነበር። ነገሌ ስንደርስ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። በጦር ሠፈሩ ያለን ሴቶች ከየጠቅላይ ግዛቱ የተለቃቀምን ስለሆንን ወጉም፣ ወጡም፣ የለቅሶው ዜማ እንኳ አይገጥምልንም። የሚያገናኘን የገበያ ነገር ነው። ስኳር የት አለ? ላምባው የት ጠራ? አቡጀዲው የት ረከሰ? እኔ ልጅ ቶሎ አልወለድኩም፤ ሌላ ሙያም አልነበረኝም። ስለዚህ ሱቅ አወዳድር ነበር።

ይህ እንደ ቀልድ አይታይብኝ። ዘዴ ነበረኝ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ከየሱቁ ግማሽ ግማሽ ኪሎ ስኳር እገዛለሁ። ቤቴ ወስጄ በአንዲት ጣሳ እሰፍረዋለሁ። ጣሳዋ ውስጥ በሚስማር የጫርኩት ምልክት አለ። ትክክለኛ ግማሽ ኪሎ እዚያ ይደርሳል። ከዚያ በታች ከሆነ ሰውየው ሌባ ነው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ስኳሩ እርጥበት ይዞ ያበጠ እንደሆነ በጣቴ አያለሁ። ከጊዜ በኋላ አዲስ የመጣች የወታደር ሚስት ሁሉ ጓዟን ሳትፈታ ወደ እኔ ትላክ ጀመር። «እሷን ጠይቂ» ይሏታል። አንድም ቀን ዋሽቼ አላውቅም ነበር።

ሦስት ቦታ ነበረን።

አንደኛው ትልቁ ሱቅ ነው። ባለቤቱ የአገሬ ልጅ፣ ወንዛችን አንድ። የሌለው ነገር የለም፤ ምርቃትም ያውቃል፣ ስኳሩ ላይ አንዲት ከረሜላ ጣል ያደርጋል። ሚዛኑን ግን ከጆንያው ጀርባ ነው የሚያስቀምጠው። እጁ ሲሠራ ይታያል፣ ሚዛኑ አይታይም። ከጣሳዬ ምልክት ሁልጊዜ አንድ ጣት ይጎድላል። ከረሜላዋ የምትገዛው በዚያ አንድ ጣት ነው። «ምነው የአገሬ ልጅ፣ ዛሬም ልትሰልዪኝ መጣሽ?» ይለኛል እየሳቀ። «ስኳርህ ናፍቆኝ ነው፤ ካንተ የገዛሁት ቶሎ ያልቃል» እለዋለሁ። ይስቃል። አንድ ጣት ያጎድላል።

ሁለተኛው ከክብረ መንግሥት የመጣ ሰው ሱቅ ነው። ቀድሞ ወርቅ ይመዝን ስለነበር እጁ አይሳሳትም፤ ስኳሩ ምልክቱ ላይ ድርስ ይላል፣ አያልፍም፣ አይጎድልም። ግን ላምባውን ከስኳሩ አጠገብ ያኖራል፤ ሻይሽ የፋኖስ ሽታ ይሸታል። ሰላምታም እንደ ወርቅ ነው የሚመዝነው። ገብተሽ እስክትወጪ ቃል አይወጣውም።

ሦስተኛው የጦሩ ካንቲን ነው። ከሁሉ ርካሽ እሱ ነው። እኔ ግን መጨረሻ ነበር የማደርገው። እዚያ ሰልፉ በመጣንበት ሰዓት አይደለም፣ በባሎቻችን ማዕረግ ነው። የመኮንን ሚስት ከአልጋዋ ተነስታ ብትመጣ ከንጋት ጀምራ የቆመችውን የወታደር ሚስት ትቀድማለች። እኔ መሀል ነበርኩ። መሀል ቆሞ ከፊት ለመጡት ዞር ማለት፣ ከኋላ ያሉትን ዓይን ማየት፤ እሱን ለሚችል ርካሽ ነው።

ሦስቱንም አንድ የሚያደርጋቸው ጉድለት ደግሞ አለ። ይህን ያሳየችኝ ወተት የምታመጣልኝ የቦረና ሴት ናት። ሃዳ እላታለሁ፤ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። መንደሯ በአሬሮ መንገድ ላይ ነው፤ ሌሊት ተነስታ ረፋድ ላይ ትደርሳለች። አንድ ቀን ወተቱን ሰጥታኝ ከሄደች በኋላ እኩለ ቀን ላይ የአገሬ ልጅ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ላይ ቆማ አገኘኋት፤ ሻይ ቅጠል ልትገዛ። የከተማ ሰው ሁሉ እስኪያልቅ አያስተናግዳቸውም። ካንቲን ደግሞ ለእነሱ ክልክል ነው።

«አካም ሃዳ፣ ናጋ?» አልኳት በቋንቋዋ፤ ደህና ነሽ ማለቴ ነው።

«ናጋ» አለችኝ። «እኔ ናጋ ነኝ። እግሬን ግን አልጠየቅሽውም።»

የራሴን ሱቅ ያሰብኩት ያን ቀን ነው። ሰው ሀብት ፈልጋ ነው ይበል፤ አዎ ሀብትም ፈልጌ ነበር። ግን እያንዳንዱን ሱቅ ስነቅፍ ኖሬ፣ ነቀፋ የሌለበት ሱቅ ምን እንደሚመስል ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሚዛኑ ከፊት፣ ፊቱን ወደ ገዢው አዙሮ። ላምባው ለብቻው፣ በጓሮ በኩል። ቀድሞ የመጣ ይቀድማል፣ ሻለቃም ይሁን ከብት ጠባቂ። በበሩ ጥግ አንድ ረጅም አግዳሚ፣ አንድ እንስራ ውሃና አንድ ኩባያ። ቤቱንም አግኝቼ ነበር፤ የአሬሮ መንገድ ከተማ ሲገባ ጥግ ላይ። ጌጤን ሸጬ ልጀምር ቆርጫለሁ። የቀረኝ የባለቤቱ የሽማግሌው ቃል ነው።

«ልጄ፣ ላንቺ አቆየዋለሁ» አሉኝ። «ግን ባልሽ መጥቶ በአፉ ይንገረኝ። ነገ ሚስቴን ማን ቸርቻሪ አደረጋት ብሎ ጠመንጃውን ይዞ እንዳይመጣብኝ።»

ባሌ ከሞያሌ በወሩ ሊመለስ ነበር። ቆይታው ተራዘመ። ያራዘመው ማን እንደሆነ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልጽፍም። የጦሩን ስምሪት የሚፈርመው ሻምበሉ መሆኑን ግን ሁሉም ያውቃል።

የሻምበሉ ሚስት ከአዲስ አበባ ስትመጣ ሱቆቹን ያሳየኋት እኔ ነኝ። በዕድሜ አንድ ዓመት ታንሰኛለች፤ በባሏ ማዕረግ ግን እትዬ እያልኩ አንቱ እላታለሁ፣ እሷ አንቺ ትለኛለች። ትወደኝ ነበር መሰለኝ። ጓሮዋ ተቀምጠን ምስር ስንለቅም ሐሳቤን ነገርኳት።

«አግዳሚ?» አለችና ሳቀች። «ለገዢ አግዳሚ? የምትከፍቺው ሱቅ ነው ወይስ ለቅሶ ቤት?»

«ገዢዎቹ ይቀመጡበት እንጂ፣ እትዬ። ደክሟቸው ነው የሚመጡት። የተቀመጠ ሰው ደግሞ ዙሪያውን ያያል፤ ያየውን ይገዛል።»

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ። «ስኳሩንስ ከየት ልታመጪ? የአገርሽ ልጅ አይሸጥልሽ።»

ነገርኳት። ከሻሸመኔ በቦሬ በኩል የሚመጣውን የጭነት መኪና ሹፌር፣ የባሌን የቀድሞ ጓደኛ፣ ነገርኳት። ዝናቡ ቦሬ ላይ መንገዱን ስለሚያበላሸው ከመጋቢት በፊት በብዛት ማስገባት እንደሚያስፈልግ ነገርኳት። ሽማግሌው የሚጠብቁት የባሌን ቃል መሆኑንም ነገርኳት። ምስሩ ሳያልቅ ሁሉንም ነግሬ ጨርሼ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያ ጥግ ሳልፍ ከቤቱ ውስጥ መዶሻ ሰማሁ። ሽማግሌው ቤቱን እያሳደሱልኝ መሰለኝ፤ ደስ ብሎኝ ገባሁ። አናጢ ነው።

«ምን እየሠራህ ነው?»

«አግዳሚ። ለሻምበሉ ባለቤት።»

ሽማግሌው ጋ ሄድኩ። ዓይኔን አላዩም። «ሻምበሉ ራሳቸው መጥተው በአፋቸው ነገሩኝ» አሉ። «ምን ልበል ልጄ? ባል መጥቷል።»

እሷ ጋም ሄድኩ። አልደበቀችም። ሻይ ቀዳችልኝ። «ባልሽ እስኪመጣ ስንት ዝናብ ይዘንባል?» አለችኝ። «ቤቱን ሌላ ሰው ቢወስደው ይሻልሽ ነበር? ደግሞ አይዞሽ፣ አንቺ ስትመጪ ሰልፍ የለም። በቀጥታ ወደ ፊት ነው።»

ያንን ስትለኝ ሻዩን አስቀመጥኩ። ሱቁ የታሰበው ሰልፍ የሚዘልል ሰው እንዳይኖር ነበር። «እሺ፣ እትዬ» ብያት ወጣሁ። ባሌ ከአራት ወር በኋላ ሲመለስ ነገርኩት። «ሻምበሌ ነው» አለኝ። ጫማውን አወለቀና ተኛ።

ሱቁ በተከፈተ በሳምንቱ ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዛሁ። ሚዛኑ ከፊት ነው፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። ቤቴ ወስጄ ጣሳዬ ውስጥ ጨመርኩት። ምልክቱን ትንሽ አለፈ። በጣቴ አየሁት፤ ደረቅ ነው። ሁለተኛም ሦስተኛም ጊዜ ገዛሁ። ነቀፋ ፈለግሁ፤ እግዚአብሔር ያውቃል ፈለግሁ። ላምባው በጓሮ በኩል ነው። እንስራው ሞልቷል። ሃዳ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ፣ እግሯን ዘርግታ፣ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ውሃ ትጠጣለች። ስታየኝ ከጎኗ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገችልኝ።

«ቸኩያለሁ» አልኳት። እዚያ አግዳሚ ላይ አንድም ቀን አልተቀመጥኩም።

አዲስ የመጡ ሴቶች እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ይላካሉ። «የትኛው ሱቅ ይሻላል?» ይሉኛል። አንድ ዓመት ሙሉ እውነቱን ተናገርኩ። አንደኛ የሻምበሉ ሚስት ሱቅ ነው፣ ሁለተኛ የክብረ መንግሥቱ ሰው፣ ሦስተኛ የአገሬ ልጅ፣ መጨረሻ ካንቲን። ይህን በተናገርኩ ቁጥር ቤቴ ገብቼ ያለ ሥራ እቀመጥ ነበር። ፋኖስ ሳላበራ የሚመሽብኝ ቀን በዛ። ሕይወቴ ከአፌ ወጥቶ ሌላ ሰው ቤት ሲሠራ ማየት ነበር የቀረኝ። እሱን ደግሞ ለሌሎች ማመስገን ነበረብኝ።

በተከታዩ ዓመት ዝናቡ በረታ። ቦሬ ላይ መንገዱ ተቆረጠ፣ መኪና አልመጣም። ካንቲን ስኳር አለቀ። የክብረ መንግሥቱ ሰው አለቀበት። የአገሬ ልጅ ያለውን ደብቆ በማንኪያ መሸጥ ጀመረ። ስኳር ያለው አግዳሚው ያለበት ሱቅ ብቻ ሆነ። ከመጋቢት በፊት አስገብታለችና። ዋጋም አልጨመረችም። ይህንንም እጽፋለሁ።

ሠፈሩ ማጉረምረም ጀመረ። የካንቲኑ ስኳር የት ገባ? የማን ባል ነው የካንቲኑን መጋዘን የሚቆጣጠረው? አንድ ቀን የሠፈሩ ቧንቧ ወረፋ ላይ ሴቶቹ ከበቡኝ። የመቶ አለቃ ሚስት የሆነች፣ በዕድሜ የምትበልጠን ሴት ነበረች የጠየቀችኝ።

«አንቺ ሱቅ አዋቂ ነሽ፤ ንገሪን እስቲ። ስኳሯን ከየት ነው የምታመጣው?»

አውቅ ነበር። ከዝናቡ በፊት በጠራራ ፀሐይ ያ ሹፌር ጆንያዎቹን በሯ ላይ ሲያራግፍ ቆሜ አይቼዋለሁ። ከዚህ ከተማ ከባሌ በቀር ያንን ሹፌር በስም የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፤ የሰጠኋትም እኔ።

«አላውቅም» አልኩ።

«አታውቂም? አንቺ?»

«አላውቅም።»

ከዚያ ወዲያ ማንም አልጠየቀኝም። እኔ አላውቅም ካልኩ የተደበቀ ነገር አለ ማለት ነው። ነገሩ ሳይውል ሳያድር ከመኮንኖቹ ጆሮ ደረሰ፤ መርማሪ መጣ፣ መጋዘኑ ታሸገ፣ ሻምበሉ ከሥራ ታገደ።

የሻምበሉ ሚስት ቤቴ መጣች። ሱቁ ከተከፈተ ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው። በሩ ላይ ቆመች። ነጠላዋ በጭቃ ተበላሽቷል።

«ሹፌሩ ከቦሬ ወዲያ ማዶ ቀርቷል፤ የሚመሰክርልኝ የለም» አለችኝ። «አንቺ ታውቂያለሽ። አንቺ ብትናገሪ ያምናሉ። እባክሽ፣ እህቴ።»

«እኔ የሃምሳ አለቃ ሚስት ነኝ፣ እትዬ» አልኳት። «ሱቅ የለኝም። የስኳር ነገር ምን አውቄ?»

ዓይኗ መደርደሪያው ላይ ጣሳዬ ላይ አረፈ። ስለ ጣሳዋ ታውቃለች፤ ያሳየኋት እኔ ነኝ። ይግቡ አላልኳትም። ይቀመጡ አላልኳትም። ከዚያ ሄደች።

ምርመራው ሻምበሉ ላይ ምንም አላገኘም። ግን ወደ ኦጋዴን ተዛወረ፤ እሷም ልጆቿን ይዛ ተከተለችው። ሱቁ ተዘጋ። ሽማግሌው ሰው ላኩብኝ። «ቤቱ ባዶ ነው፤ አሁን ባልሽም አለ» ብለው። ባሌም ያን ቀን ከወትሮው ለስለስ ብሎ «ልነጋገርልሽ?» አለኝ። አልፈልግም አልኩት። ለምን አላለኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ የተመኘሁትን የዚያን ቤት ቁልፍ ሲሰጡኝ እጄ አልዘረጋ አለ።

ሃዳን በሳምንቱ የአገሬ ልጅ ሱቅ በር ላይ ፀሐይ ላይ ቆማ አገኘኋት።

«የዚያች ሴት ሱቅ ምን ሆነ?» አለችኝ።

«ሄዱ።»

«ውሃዋ ጥሩ ነበር» አለች። ከዚያም፣ «አንቺስ? አንቺ አትከፍቺም?»

«እኔ አልችልበትም» አልኳት።

የሱቁ ዕቃ ሲሸጥ አግዳሚውን ገዛሁ። ጓሮዬ አስገብቼ ማገዶ ደረደርኩበት። ስኳር ከአገሬ ልጅ መግዛት ጀመርኩ። ጣሳዋን የላምባ ማስቀመጫ አደረግኋት።