ሬጂ ሞፋት «ደክሞኛል» ያለ ለት

ሬጂ ሞፋት ግሪምስቢ ወደብ ላይ ዓሣ በማጽዳት ከሚተዳደሩ ሰዎች ተወልዶ፣ በምላሱ ብቻ ለንደን የገባ ሰው ነው። እኔ ቀልዱን አብሬው እጽፍ ነበር። ጳጳስ አይፈራ፣ ዳኛ አይፈራ። ኑሮ የከበደ ጊዜ አንድ ሚኒስትር «ቀበቶ ጠበቅ አድርጉ» ቢሉ፣ ሬጂ በሬዲዮ «እሳቸውን የሚዞር ቀበቶ አገር ውስጥ ጠፋ እኮ» አለ።

አለቃችን ፔንሮዝ አስጠርቶ «በአየር ላይ ይቅርታ ትጠይቃለህ» አለው።

«እሺ ጌታዬ።»

በሳምንቱ ማይክራፎኑ ፊት ቀረበና «ሚኒስትሩን ይቅርታ እጠይቃለሁ። ቀበቶው ተገኝቷል፤ የተወሰደበት ፈረስ ግን መልሱልኝ እያለ ነው» አለ።

ተባረረ። ቴሌቪዥን ወዲያው ወሰደው።

ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ሰው ሲያስቅ ኖረ፤ እየቆየ ግን ፊቱ ጠወለገ። ሥጋ ቤት ሲገባ «እስቲ አንዷን ጣል አድርግልን» ይሉታል። ወንድሙን በቀበርንበት ቀን እንኳ አንድ ሰውዬ እጁን ይዞ «ለመጽናኛ ያህል አንድ ቀልድ» አለው። ሬጂ ነገረው። ሰውዬው እየሳቀ ሄደ።

በዚያው ሳምንት፣ በቀጥታ ስርጭት ላይ፣ መድረኩ መሀል ዝም ብሎ ቆመ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የጻፍነውን በከንፈሬ ላስታውሰው እሞክራለሁ፤ አያየኝም።

«ደክሞኛል» አለ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«የምሬን ነው። ወንድሜ ሞቶብኛል።»

ባሰባቸው፤ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ካፖርቱን አንሥቶ ሲወጣ በጭብጨባ ሸኙት።

በማግስቱ የቴሌቪዥኑ ኃላፊዎች ጠሩን። «ግሩም ነበር፤ በየሳምንቱ እንዲሁ ድከምልን» አሉት።

ሚስቱ ዶሪን ስትሰማ «እምቢ በላቸው ሬጂ፣ እባክህ» አለችው።

«እምቢ ማለትም እኮ ጉልበት ይጠይቃል።»

እናም ሁለት ዓመት በየቅዳሜው ደከመላቸው። በኋላ ሌላ ወጣት አገኙና ረሱት።

ከዶሪን ጋር ግሪምስቢ ተመለሱ። እዚያ ሰው በእናቱ ስም የፍሎሪ ልጅ ይለዋል እንጂ ቀልድ አምጣ አይለውም። ባለፈው መጋቢት ልጠይቀው ሄድኩ። ዶሪን ዓሣና ድንች ጥብስ ገዝታ ገባች፤ ብዙም ሳንነጋገር በላን። ዝምታው ከበደኝና «ምነው፣ ቀልዱ አለቀብህ እንዴ?» አልኩት።

ቀና አላለም። «ኮምጣጤውን አቀብለኝ» አለ።

ዶሪን በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።